ሞዴል ዩኤን ከውስጥ ሲታይ፦ ንግግሩ፣ ወረቀቱና ድምፁ

ሞዴል ዩኤን ተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን አንድ አካል፣ ለምሳሌ ጠቅላላ ጉባኤውን ወይም የፀጥታው ምክር ቤትን፣ መስለው የሚሰበሰቡበት የልምምድ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር ይደርሰዋል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ኔፓልን ወይም ቺሊን ሆኖ ይናገራል፣ ይደራደራል፣ ድምፅ ይሰጣል፤ የራሱን አስተያየት ግን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው ነገሩን የንግግር ውድድር አድርጎ ይወስደዋል። ወላጅም፣ አንዳንዴ የክበቡ ኃላፊ መምህርም፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ልጅ ፈልገው ይልካሉ። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። በክርክር ውድድር ማሳመን የሚያስፈልገው ዳኛውን ነው፤ ተቃራኒው ወገን ቢሸነፍ እንጂ ቢስማማ ግድ አይሰጥም። እዚህ ግን መስማማት ያለበት አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ እሱም የራሱ ድምፅና የሚጠብቀው የአገር ጥቅም አለው። ጉባኤው ሲበተን ንግግሩ ይረሳል፣ የሚቀረው የጸደቀው ወረቀት ነው።

ልምምዱ በዕድሜ ድርጅቱን ራሱን ይበልጣል። በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊግ ኦፍ ኔሽንስን፣ የቀድሞውን የመንግሥታት ማኅበር፣ እየመሰሉ ይሰበሰቡ ነበር። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ የተናገሩት ደግሞ ጁን 30 ቀን 1936። ያን ሳምንት እንደ ታሪካዊ ኮሚቴ አድርጎ ማስመሰል ለተማሪ ብዙ ያስተምራል። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የብድር ድጋፍ ጥያቄ ግን ከራሷ በቀር አንድም ደጋፊ ሳያገኝ ወደቀ፤ ብዙዎቹ አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብም በዚያው ጁላይ ተነሣ።

ከጉባኤው በፊት ያለው ሥራ

አገርና አጀንዳ ከተመደበ በኋላ ዝግጅቱ ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል። አዘጋጆቹ የጥናት መመሪያ ይልካሉ፤ ተማሪው በምላሹ የአገሩን አቋም የሚገልጽ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያስገባል። ጽሑፉ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ችግሩ አገሩን እንዴት እንደሚነካት፣ እስካሁን ምን ብላና ምን ፈርማ እንደምታውቅ፣ አሁን ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ። ሦስተኛው ላይ ነው ተማሪ የሚሰንፈው። የመጀመሪያውን ከኢንሳይክሎፒዲያ ገልብጦ ገጹን ይሞላና ለመፍትሔው ሁለት መስመር ይቀረዋል።

የአገርን አቋም ከዜና መገመት ያሳስታል። የሚታመኑት ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የድምፅ መዝገብ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማን ምን እንደ ደገፈና እንደ ተቃወመ ያሳያል። ሁለተኛው የአገሪቱ መሪ ወይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በየሴፕቴምበሩ በጠቅላላ ጉባኤው የሚያደርጉት ንግግር ነው። ሦስተኛው የፈረመቻቸውና ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች ዝርዝር ነው፤ መፈረምና ማጸደቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ነገሩን በአንድ አጀንዳ እንከተለው፦ የጠቅላላ ጉባኤው ሁለተኛ ኮሚቴ፣ ማለትም የኢኮኖሚና የፋይናንስ ኮሚቴው፣ ስለ ወደብ አልባ ታዳጊ አገሮች ትራንዚት ይወያያል እንበል። በድርጅቱ ዝርዝር እነዚህ አገሮች 32 ናቸው፤ 16ቱ አፍሪካ፣ 10ሩ እስያ፣ አራቱ አውሮፓ፣ ሁለቱ (ቦሊቪያና ፓራጓይ) ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ኢትዮጵያን ቢወክል ስሜቱ ይረዳዋል፣ ብዙ አይማርም። ጅቡቲ ቢደርሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። ሲያነብም የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ለወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመሸጋገር መብት እንደሚሰጥ፣ ዝርዝሩ ግን በአገሮቹ መካከል በሚደረግ ስምምነት እንደሚወሰን፣ የመሸጋገሪያዋ አገር ሉዓላዊነትና ሕጋዊ ጥቅምም እንደሚጠበቅ ያገኛል። አንቀጹን ዛምቢያ ወደ መብቱ፣ ጅቡቲ ወደ ሉዓላዊነቱ ይጎትቱታል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በወደብ አልባዎቹ መካከልም ስንጥቅ አለ። ቦሊቪያ የባሕር ጠረፏን በቺሊ ያጣችው በ1879 በተጀመረው ጦርነት ነው። ለሷ ጉዳዩ የጭነት ሳይሆን የሉዓላዊ መውጫ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2018 ቺሊ በዚህ ላይ የመደራደር ሕጋዊ ግዴታ የለባትም ብሎ ፈርዷል። ቦሊቪያን የወከለ ተማሪ "ሉዓላዊ መውጫ" የሚለውን ሐረግ ወደ ረቂቁ ካስገባ ፓራጓይና ኔፓል ይሸሹታል፤ የነሱ ጉዳይ የጭነት መኪና ድንበር ላይ ስንት ቀን ቆመ የሚለው ነው። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ የቡድን መሪ ሁለተኛው ቀን ላይ ቡድኑ ለምን እንደ ተበተነ አይገባውም።

አዳራሹ ውስጥ

ስብሰባው በስም ጥሪ ይከፈታል። ልዑኩ "ተገኝቻለሁ" ወይም "ተገኝቻለሁ፣ ድምፅም እሰጣለሁ" ይላል፤ ሁለተኛውን ያለ ሰው በውሳኔ ላይ ድምፀ ተዓቅቦ ማድረግ አይችልም። አዲስ ልጅ ሁለተኛው ቆራጥ ስለሚመስለው ይመርጠዋል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይጸጸታል። የሚገርመው ይህ ደንብ በእውነተኛው ጠቅላላ ጉባኤ የለም፤ ኒው ዮርክ ላይ ማንም ጠዋት ገብቶ እንዲህ ብሎ ራሱን አያስርም። የሞዴል ዩኤን ፈጠራ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ድርጅቱ ራሱ በ2020 ለአዘጋጆች መመሪያ ያሳተመው ልምምዱ ከእውነተኛው አሠራር እየራቀ ስለ ሄደ ነው።

ከዚያ የተናጋሪዎች ዝርዝር ይከፈታል። ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይሰጣል። በመሀል ልዑካን ሁለት ዓይነት ዕረፍት መሰል ውይይት ይጠይቃሉ። ተማሪዎቹ ሞድና አንሞድ ይሏቸዋል። ሞድ በሰብሳቢ ይመራል፣ ርዕሱ ይጠብባል፣ ሰዓቱ ይቆጠራል። አንሞድ ላይ ሁሉም ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል፣ ይሰባሰባል፣ ይጽፋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ብዙዎች ግን አያሰሉትም። አርባ ልዑካን ባሉበት ኮሚቴ የ10 ደቂቃ ሞድ በየአንድ ደቂቃ ቢከፈት አሥር ሰው ይናገራል፤ ሠላሳው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሞድ የጠየቀ ልዑክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የመናገር መብት ስላለው ጠያቂ መሆን ተናጋሪ መሆን ነው። ርዕሱን ማጥበብም ያዋጣል፤ "ስለ ትራንዚት" ብሎ ከጠየቀ ሁሉም የተዘጋጀበትን ያነባል፣ "በድንበር ላይ ስላለ የሰነድ ድግግሞሽ" ካለ ያነበበው ብቻ ይናገራል። ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከቀረበ ሰብሳቢው ውይይቱን ይበልጥ ከሚያቋርጠው ጀምሮ ያስመርጣል፤ አንሞድ ከሞድ ይቀድማል፣ ከአንሞዶች መካከል ረጅሙ ይቀድማል።

"ሥነ ሥርዓት!" የሚለው ጩኸት ከዕድርና ከቀበሌ ስብሰባ የታወቀ ነው። እዚህም አለ፣ ግን ጠባብ ነው፦ ሰብሳቢው ወይም ልዑክ የስብሰባውን ደንብ ሲጥስ ብቻ። ተናጋሪው ውሸት ተናገረ ብሎ በሥነ ሥርዓት ማቋረጥ አይቻልም፤ ለውሸቱ መልሱ ተራ ጠብቆ መናገር ነው። ድምፅ አልሰማ ሲል ወይም ክፍሉ ሲታፈን የሚነሣው ሌላ ነው፣ የግል ምቾት ጥያቄ ይባላል፤ ተናጋሪን ማቋረጥ የሚያስችለውም ተናጋሪው ካልተሰማ ነው። ስለ ደንቡ ሰብሳቢውን መጠየቅም ይቻላል፣ እየተናገረ ያለ ሰው ከሌለ።

ወረቀቱ

ውሳኔ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው። "ጠቅላላ ጉባኤው፣" ብሎ ይጀምርና ሁሉም ነገር ከዚያ ባለቤት ላይ ይንጠለጠላል። የላይኛው ክፍል፣ መንደርደሪያው፣ ምክንያቱን ይደረድራል፤ የታችኛው፣ በቁጥር የተከፋፈለው፣ የሚደረገውን ይናገራል። አራት ነጥብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ያነበበ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል፦ "አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤" እያለ ይወርድና "የሚከተለው ታውጇል" ብሎ ወደ አንቀጾቹ ይገባል። አዋጅ ግን ያዛል። የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ በአብዛኛው ምክረ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ሁሉ ያለው ግሡ ላይ ነው።

ወደ ኮሚቴያችን እንመለስ። አንሞድ ላይ የዛምቢያ ልዑክ የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

"1. የባሕር በር ያላቸው አገሮች ለወደብ አልባ ጎረቤቶቻቸው ወደባቸውን በነፃ እንዲሰጡ ያዛል፤"

በአንድ መስመር ሦስት ስሕተት አለ። ጠቅላላ ጉባኤው አባል አገሮችን ማዘዝ አይችልም። "ወደብ መስጠት" የመተላለፍ መብትን ሳይሆን የይዞታ ጥያቄን ያስነሣል፤ ቺሊና ጅቡቲ ቀጥለው አያነቡትም። "በነፃ" የሚለውም ሕጉን ይስታል፤ የባሕር ሕግ ስምምነቱ አንቀጽ 127 ተሸጋጋሪ ዕቃ ቀረጥና ግብር እንዳይከፈልበት ይላል እንጂ ለተሰጠ አገልግሎት የሚከፈለውን አያነሣም። ሁለተኛው ሙከራ፦

"1. የመሸጋገሪያ አገሮች ተሸጋጋሪ ዕቃን፣ ለተሰጠ አገልግሎት ከሚከፈል ክፍያ በቀር፣ ከቀረጥና ከግብር ነፃ እንዲያደርጉ ይጠይቃል፤"

ሕጉ ተስተካከለ። የጅቡቲ ልዑክ ግን አሁንም አይፈርምም፤ ያለውን ግዴታ መልሶ የሚነግራት እንጂ የሚሰጣት ነገር የለም። መንገዷን የሚያበላሸው የሌላ አገር ጭነት ነው። ሦስተኛው፦

"1. ወደብ አልባና የመሸጋገሪያ አገሮች በሁለትዮሽ ስምምነት የጉምሩክ ሰነዶቻቸውን አንድ ዓይነት እንዲያደርጉ ያበረታታል፤ 2. የልማት አጋሮችና የልማት ባንኮች ለትራንዚት መንገዶችና ለባቡር መሥመሮች ጥገና፣ በመሸጋገሪያ አገሮች ግዛት ያለውን ጨምሮ፣ ድጋፍ እንዲሰጡ ይጋብዛል፤"

አሁን ሁለቱም ይፈርማሉ። ከ"ያዛል" ወደ "ይጠይቃል"፣ ከዚያ ወደ "ያበረታታል" የተወረደው በስንፍና አይደለም፤ በእያንዳንዱ እርከን አንድ አገር ገብቷል። የሚከፈለው ዋጋም ግልጽ ነው፦ ቃሉ በላላ ቁጥር የሚያስገድደው ያንሳል። አሠልጣኝ ከተማሪው መጠየቅ ያለበት "ይህን ቃል ለማን ስትል አላላኸው?" ብሎ ነው። መልስ ከሌለው በከንቱ ሰጥቷል።

በአማርኛ ለሚለማመዱ ክበቦች አንድ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ረቂቆች ግሡ አንቀጹን ይከፍታል፣ ጥንካሬው ወዲያው ይታያል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ አምስት መስመር ተነቦ "ያዛል" ይሁን "ይጋብዛል" አይታወቅም። ስለዚህ ረቂቅ ሲደርስ መጀመሪያ የየአንቀጹን የመጨረሻ ቃል ማስመር፣ ከዚያ ወደ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። አንቀጹ ከሦስት መስመር ከበለጠም መክፈል ነው።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጋጥም ጉድለት ገንዘብ ነው። "ልዩ ፈንድ ይቋቋማል" ተብሎ ይጻፋል፣ ከፋዩ አይጻፍም። የድርጅቱ መደበኛ በጀት በመዋጮ ቀመር የሚከፋፈል ነው፤ ጣሪያው ለአንድ አገር 22 በመቶ፣ ወለሉ 0.001 በመቶ ነው። የበጀት ጉዳይም የአምስተኛው ኮሚቴ እንጂ የሁለተኛው አይደለም። በፈቃድ መዋጮ የሚል ካልተጨመረበት ትልልቆቹ ከፋዮች ረቂቁን በዚህ ብቻ ይጥሉታል፣ እውነተኛዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ረቂቅ ወደ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ለመድረስ አቅራቢዎችና ፈራሚዎች ያስፈልጉታል፤ ብዙ ጉባኤዎች ከተገኙት አምስት እጅ አንዱን ይጠይቃሉ፣ በአርባ ሰው ኮሚቴ ስምንት መሆኑ ነው። አቅራቢ ረቂቁን ይደግፋል። ፈራሚ ግን "ይወያዩበት" አለ እንጂ አልደገፈም፤ በኋላ ቢቃወም ክህደት አይደለም። ይህን ያልተረዱ ልጆች ተኳርፈው ይለያያሉ።

ሁለት ረቂቅ ሲመሳሰል ሰብሳቢው አዋሕዱ ይላል፣ አብዛኛው ወረቀት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሁለቱ ቡድኖች የየራሳቸውን አንቀጽ እየገለበጡ ያስቀጥላሉ፤ አንቀጽ 4 አዲስ ጽሕፈት ቤት ያቋቁማል፣ አንቀጽ 11 አዲስ መዋቅር አይፈጠርም ይላል። መድኃኒቱ ከየቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጦ አንቀጽ በአንቀጽ እንዲያነብ፣ የቀረው ውጭ ድምፅ እንዲያሰባስብ ማድረግ ነው። አሥር ሰው አንድ ላፕቶፕ ላይ ሲያጎነብስ የሚጽፈው አንድ ነው፤ ዘጠኙ ይከራከራል።

ከቤት ተጽፎ የመጣ ረቂቅ በብዙ ጉባኤዎች የተከለከለ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈውም ያው ነው፤ በቀላሉ ይታወቃል፣ አቅራቢው ስለ አንቀጽ 6 ሲጠየቅ ወረቀቱን መጀመሪያ ያነባል። በሔጉ ስልት ግን፣ ቲሙን በሚባለው የሔግ ጉባኤ ከ1968 ጀምሮ በኖረው፣ ረቂቅ ይዞ መምጣት ደንቡ ነው፤ የመጀመሪያው ሰዓት በማግባባት ያልፋል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት የጉባኤውን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

ድምፅ

በኮሚቴ ውሳኔ በቀላል አብላጫ ያልፋል። ድምፀ ተዓቅቦ ከድምፅ ሰጪ አይቆጠርም፤ 12 ደግፈው፣ 10 ተቃውመው፣ 18 ቢታቀቡ ጸደቀ። በጠቅላላ ጉባኤው ሙሉ ስብሰባ ሰላምና ጸጥታን፣ በጀትን፣ አባልነትን የመሳሰሉ ጉዳዮች ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋሉ፦ 20 ለ10 ያልፋል፣ 19 ለ10 ይወድቃል። እውነተኛው ጠቅላላ ጉባኤ አብዛኛውን ውሳኔ ያለ ድምፅ በመግባባት እንደሚያጸድቅ ለተማሪ መንገር ይገባል፤ ካልተነገረው እጅ ማስቆጠር ድል ይመስለዋል። ማጸደቅ ማስፈጸም እንዳልሆነ ለማሳየት የኩባ ጉዳይ ይበቃል፤ ጠቅላላ ጉባኤው የአሜሪካ ማዕቀብ እንዲነሣ ከ1992 ጀምሮ በከፍተኛ አብላጫ ሲጠይቅ ኖሯል፣ ማዕቀቡ ግን አልተነሣም።

የፀጥታው ምክር ቤት ሌላ ጨዋታ ነው። 15 አባል አለው፤ ለውሳኔ ዘጠኝ የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ወደቀ። ቋሚ አባል ቢታቀብ ግን ውሳኔውን አይሽርም። በ2011 ስለ ሊቢያ የወጣው ውሳኔ 1973 በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተዓቅቦ ነው ያለፈው፤ ከታቀቡት መካከል ሩሲያና ቻይና ነበሩ። ቻይናን የወከለ ተማሪ በየረቂቁ ላይ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቱን ከተጠቀመ ኮሚቴው ይሞታል፤ መብቱ ዋጋ የሚኖረው አንቀጽ ለማስቀየር ሲያስፈራሩበት ነው።

ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። የኅብረቱ የሰላምና የፀጥታ ምክር ቤትም 15 አባል አለው፤ ቋሚ አባልና ውሳኔ የመሻር መብት ግን የሉም። መጀመሪያ መግባባት ይፈለጋል፣ ካልተገኘ በይዘት ጉዳይ ሁለት ሦስተኛ። ሞዴል የአፍሪካ ኅብረት የሚያዘጋጅ ክበብ በመንግሥት ግልበጣ የታገደች አገር ወንበር እንዳይሰጥም መጠንቀቅ አለበት፤ ሱዳንና ማሊ በ2021 ታግደዋል፣ ስለዚህ የምደባው ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት የወቅቱን የእገዳ ዝርዝር ማየት ግድ ነው።

በትምህርት ቤት ለመጀመር

መነሻው ትልቅ አዳራሽ አይደለም። 15 ተማሪ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አጀንዳና ሦስት ሰዓት ለፀጥታው ምክር ቤት ይበቃሉ። የአገር ስም በካርቶን ላይ በሁለት ወገን ይጻፋል፣ ለሰብሳቢውም ለተቀመጡትም እንዲነበብ። አንዱ መምህር ሰብሳቢ፣ ሌላው ሰዓት ያዥ ይሆናል። ከሦስቱ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ለንግግር፣ ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ ለአንሞድና ለመጻፍ፣ የቀረው ለማሻሻያና ለድምፅ ይሰጥ። ብዙ ክበብ ይህን ይገለብጠውና ልጆቹ ተናግረው ተናግረው ወረቀት ሳይወጣ ደወል ይደወላል።

እንግሊዝኛ የከበዳቸው ልጆች ዝም እንዳይሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልምምዶች በአማርኛ ማድረግ ይረዳል፤ ድርድሩን ከቋንቋው ለይተው ይማራሉ። ጉባኤዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚካሄዱ ከሦስተኛው ጀምሮ ረቂቁ በእንግሊዝኛ፣ አንሞዱ እንደ ፈለጉ ይሁን። "ምርጥ ልዑክ" የሚል ሽልማት ለጀማሪ ክበብ ባይኖር ይመረጣል፤ ሽልማት ሲኖር ልጆቹ የሌላውን አንቀጽ መንጠቅና የሰብሳቢውን ዓይን መፈለግ ይጀምራሉ። መስጠት ግድ ከሆነ ሰብሳቢው በመጨረሻው ረቂቅ ላይ የማን አንቀጽ በስንት አገር ፊርማ እንደ ገባ ይቁጠር። የየረቂቁ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጂም ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ግሦቹን እያሰመሩ የት ላይ ማን ምን እንደ ሰጠና ምን እንደ ተቀበለ ያነቡታል።